ቀይ ዶቃ ያሰረ ውሻ

«ሌላም አለ! ቤቲ፣ ዞር በይ! ከሽንኩርቱ ጀርባ!»

አቤኔዘር በአንድ እጁ ስልኩን ከፍ አድርጎ በሌላው ይጠቁማል። ቤቴል ዞር ስትል፣ ከሽንኩርት ማዳበሪያዎቹ መሀል አንድ ቡናማ ውሻ ምላሱን አውጥቶ ተኝቷል። አንገቱ ላይ ቀይ ዶቃ ታስሮለታል። ከእሱ ትንሽ ራቅ ብሎ አንዲት የምታጠባ ውሻም እንደዚያው አስራለች።

የጂንካ የቅዳሜ ገበያ ሞልቶ ፈሷል። ከአሪ ተራሮች ጎመንና ቆጮ ተሸክመው የወረዱት ሴቶች፣ ማር ሻጮቹ፣ የፕላስቲክ ጫማ ነጋዴዎቹ፣ ሁሉም እንደወትሮው ነው። አዲስ ነገር ያመጡት ውሾቹ ናቸው። ሥጋ ቤት በር ላይ ተኮልኩለው አጥንት የሚጠብቁት፣ እስከ ትናንት የድንጋይ ዒላማ የነበሩት የጂንካ ውሾች ዛሬ እንደ ሙሽራ አጊጠዋል።

«ቀወጥሽው እኮ!» አለ አቤኔዘር። «ከተማውን በሙሉ ነው የቀወጥሽው። መቶ ሺህ ቪው አለፍን፣ ገባሽ? መቶ ሺህ!»

ቤቴል ገብቷታል። ከጠዋት ጀምሮ ስልኳን እያወጣች ቁጥሩን ስታይ ነው የዋለችው። ዘጠነኛ ክፍል ከገባች ወዲህ በስሟ የጠራት ተማሪ ብዙ አልነበረም፤ ሰሞኑን ግን አሥራ ሁለተኛ ክፍሎች ሳይቀሩ «የዶቃዋ ልጅ!» እያሉ ነው የሚያልፏት። ደስ አይልም ብትል ትዋሻለች።

ነገሩ የተጀመረው ባለፈው ወር ነው። ዶክተር ወርቅነህ የሚባሉ የእንስሳት ሐኪም ወደ ትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ክበብ መጡና «አዌርነስ ላይ ትልቅ ጋፕ አለብን» አሉ። ቢሮ የከረመ ሰው እንዲህ ነው የሚያወራው። ሲተረጎም ግን ቀላል ነበር፤ የጂንካ ሰው ላሙ ካሳላት ክሊኒክ ይሮጣል፣ ውሻውን ግን ካልታመመ አያስታውሰውም። የእብድ ውሻ በሽታ ደግሞ አንዴ ከገባ ልመና አይሰማም። የሚቻለው ቀድሞ መከተብ ብቻ ነው። «ሰዉን ስብሰባ ብንጠራው አይመጣም፤ ቲክቶክ ላይ ግን አይጠፋም። እስቲ እናንተ ጥሩልኝ» አሉ ዶክተሩ።

ቤቴል ውሻዋን ዳኛን ይዛ ቀረበች። ዳኛ ይህን ስም ያገኘው ቤት ውስጥ ጭቅጭቅ በተነሳ ቁጥር መሀል ቁጭ ብሎ አንዴ አባቷን አንዴ እናቷን በጥሞና ስለሚያይ ነው፤ እስከ ዛሬ ግን አንድም ፍርድ ሰጥቶ አያውቅም። ዶክተሩ ከተቡት። ከዚያ የተከተበውን ካልተከተበው ለመለየት ጀርባውን ቀለም ሊቀቡት ሲሉ ቤቴል «ቀለም እኮ በዝናብ ይለቃል፤ ለምን ቀይ ዶቃ አናስርለትም?» አለች።

እዚህ አገር አንገት ይነበባል። ከቱርሚ የመጣች የሐመር ሴት ያገባች ትሁን ያላገባች፣ ገና አፏን ሳትከፍት አንገቷ ላይ ያለው ይናገራል። የቤቴል አባት ኤርሳዶ ከከምባታ የመጣ አናጺ ነው፤ እሷ ግን ተወልዳ ያደገችው ጂንካ ስለሆነ ይህን ማንም ሳያስተምራት ታውቃለች። ዶክተሩ ሐሳቧን ሲሰሙ «ኤክሰለንት!» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክሊኒኩ የከተበው ውሻ ሁሉ ቀይ ዶቃ እንዲታሰርለት ተስማሙ።

ችግሩ የመጣው ኤዲት ላይ ነው። ለክበቡ ቪዲዮ የሚቀርጸው አቤኔዘር «መርፌው ጋ ሲደርስ ሰው እየዘለለ ይሄዳል፤ ቲክቶክም ‹ለዓይን ይከብዳል› ብሎ ይሸፍነዋል» ብሎ መርፌውን ቆርጦ አወጣው። የዶክተሩ ንግግርም ረዘመ ተብሎ አብሮ ወጣ። የቀረው ዳኛ አንገቱን ሲዘረጋ፣ ቤቴል ዶቃውን ስታስርለት፣ ከዚያ ሙዚቃ፣ ከዚያ የቤቴል ድምፅ ነው፤ «ቀይ ዶቃ ያሰረ ውሻ ካያችሁ አትፍሩት፤ እቀፉት!»

ቤቴል ከመለጠፉ በፊት አይታዋለች። መርፌው እንደሌለም ልብ ብላለች። ግን ዳኛ በጣም አምሮበት ነበር፣ እሷም አምሮባት ነበር። «ልቀቀው» አለችው።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ቪዲዮው ጂንካን አዳርሶ ካኮ ወረደ፣ ቱርሚ ደረሰ።

አሁን ገበያው ውስጥ አንዲት ዶቃ ሻጭ ቤቴልን በዓይኗ ጠራቻት። ሴትዮዋ አሪ ናት፤ አማርኛዋን እያቆራረጠች ነው የምትናገረው።

«ለሰው ነው ለውሻ? ለውሻ ከሆነ ክሩ ወፍራም አለ። ዛሬ ብዙ የሄደ የውሻ ነው።»

ቤቴል ሳቀች። ሳቋ ግን ሳያልቅ አንድ ነገር መጣባት።

«አቢ፣ ዶክተር ወርቅነህ ይህን ሁሉ ውሻ መቼ ከተቡት?»

«ሰው ነቅቷላ! እየወሰደ አስከትቦ ነዋ።»

«በገበያው በኩል ገና መከተብ አልጀመርንም ብለውኝ ነበር እኮ።»

«ኧረ አታካብጂ! ከዶቃው ጋር ቁሚና ፈገግ በይ፣ ልቅረጽሽ።»

ቤቴል ቆመች፤ ፈገግም አለች።

*

ሰፈራቸው ከድሮው የአውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ ዝቅ ብሎ ነው። ቤቴል የግቢውን በር ገፍታ ስትገባ ከጎረቤት የሕፃን ልቅሶ ሰማች። የእትዬ መስከረም ልጅ የዮሲ ድምፅ ነው። በመሀላቸው ያለው አጥር ከወደቀ ቆይቷል፤ ማንም ሊያነሳው አልፈለገም፤ ስለዚህ በዚያው ተሻገረች።

ዮሲ ደጃፉ ላይ ዱካ ላይ ተቀምጧል። ገና መዋዕለ ሕፃናት ነው። ግራ እጁ በእናቱ ሻሽ ተጠቅልሏል። እትዬ መስከረም አጠገቡ ነጭ ሽንኩርት ትወቅጣለች።

«ምን ሆኖ ነው?»

«ምንም አልሆነም። የጎሳዬ ውሻ ትንሽ ቧጨረው። ይቺን ላደርግበት ነው፤ ታደርቀዋለች።»

ጎሳዬ ከመንገዱ ማዶ ያለው ጎሚስታ ነው። የመኪና ጎማ ሲጠግን ይውላል፤ ውሻውንም ጎማ ብሎ ነው የሚጠራው። ቤቴል ጎንበስ ብላ ሻሹን ፈታችው። ከአውራ ጣቱ በታች ጥርስ የገባባቸው ቀዳዳዎች አሉ። አንደኛው ገና ይደማል።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ ንክሻ ነው! አሁኑኑ ሆስፒታል መሄድ አለበት!»

«ምን ሆስፒታል አመጣው? የተከተበ ውሻ ነው።»

«ማን ከተበው?»

እትዬ መስከረም ዘነዘናውን ይዛ ቀና አለች። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከቤቴል አልጠበቀችም።

«ቀይ ዶቃ አስሯል እኮ።»

ዮሲ አፍንጫውን በደህናው እጁ ጠረገና ልቅሶውን አቆመ። ቪዲዮውን ስንት ጊዜ እንዳየው አይታወቅም፤ የቤቴልን ድምፅ ከነለዛው ነው ያመጣው።

«‹ቀይ ዶቃ ያሰረ ውሻ ካያችሁ አትፍሩት፤ እቀፉት!› ብለሽ የለ? አቀፍኩት። ከዛ ነከሰኝ።»

ቤቴል ደነገጠች። መጀመሪያ የሰማችው ነገር አልገባትም። ከዚያ አንድ ላይ ገባት። ዮሲ ውሻ ይፈራ ነበር። ዳኛን እንኳ ከሩቅ ነበር የሚያየው። ደፍሮ እንዲያቅፍ ያደረገችው እሷ ናት፤ እጁን አንስታ ውሻው አፍ ውስጥ የከተተችው ያህል ተሰማት። የሕፃኑ ዓይን ውስጥ ደግሞ ቁጣ የለም። እንዲያውም የተባለውን በትክክል በማድረጉ እንድታመሰግነው የሚጠብቅ ይመስላል።

«ምንም አታድርጊበት፣ መጣሁ!» ብላ መንገዱን ተሻግራ ሮጠች።

ጎሳዬ የአይሱዙ ጎማ እየፈታ ነበር።

«ጋሼ ጎሳዬ! ጎማን የት ነው ያስከተብከው?»

«እንዴ! አንቺ ባልሽው ነዋ።» ፊቱ በኩራት በራ። «ባለፈው ቅዳሜ ዶቃውን ገዝቼ በእጄ አሰርኩለት። ስንቱ ባለ ውሻ ዝም ሲል እኔ ግዴታዬን ተወጥቻለሁ።»

«መርፌውስ?»

«የምን መርፌ?»

«ክትባቱ ነዋ!»

ጎሳዬ በቅባት የተለወሰ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። «ዶቃው አይደለም እንዴ? መድኃኒት ውስጥ የተነከረ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ።»

ይህ ሰው ሰነፍ ቢሆን፣ ውሻውን የሚጠላ ቢሆን ትቆጣው ነበር። እሱ ግን ያየውን አምኖ፣ ከገበያ ገዝቶ፣ በእጁ ያሰረ ሰው ነው። የምትቆጣው ሰው ፈልጋ ከራሷ ሌላ አላገኘችም።

«የት ነው ያለው?»

በአገጩ ወደ ጓሮ አመለከታት። ከተበላሸ መኪና ሥር ጎማ ተወሽቋል። አፉ ለሐጭ በለሐጭ ሆኗል። የመኪናውን ብረት ይነክሳል፣ ይለቃል፣ መልሶ ይነክሳል። ዶቃው አንገቱ ላይ እንዳለ ነው።

«ከትናንት ጀምሮ እንደዚህ ነው» አለ ጎሳዬ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ምግብም እምቢ ብሏል። ሙቀቱ ይሆናል ብዬ…» አልጨረሰውም። የቤቴልን ፊት ሲያይ የጓሮውን በር በቀስታ ዘጋና ግንድ አስደገፈበት።

ቤቴል ዶክተር ወርቅነህ ጋ ደወለች። ዛሬ አንድም የቢሮ ቃል አልጨመሩም። «ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ እጠቡት፤ ሩብ ሰዓት ሙሉ እጠቡት። ነጭ ሽንኩርት የሚባል እንዳታደርጉ። በጨርቅም አትጠቅልሉት። ከዚያ ቀጥታ ሆስፒታል፣ ነገ እንዳትሉ። ውሻው አጠገብ ማንም እንዳይደርስ፤ እየመጣሁ ነው።»

እትዬ መስከረም ግን ቀላል አልሆነችም። የቧንቧውን ውሃ ከፍታ የልጇን እጅ በሳሙና እያጠበች ትከራከራለች።

«መታጠቡስ ይታጠብ። ሆስፒታል ግን ልጄን በመርፌ ለምን አስወጋዋለሁ? መቶ ሺህ ሰው አይቶታል አይደል የሚሉት? መቶ ሺህ ሰው ተሳስቶ አንቺ ብቻሽን ልክ ልትሆኚ ነው?»

«የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ እትዬ። መቶ ሺህ ሰው ያየው የእኔን ስህተት ነው።»

«ቤቴልዬ፣ ሰው ቀንቶብሽ ነው እንዲህ ያስባለሽ። ጌታ ከፍ ሲያደርግሽ…»

ቤቴል ማልቀስ አማራት። ቪዲዮውን ያመኑትን ያህል እሷን አያምኗትም። ከዚያ ስልኳን አወጣች። ያልተቆረጠው ቪዲዮ ገና አልጠፋም ነበር። ለእትዬ መስከረም ዓይን አስጠግታ ከፈተችው።

መጀመሪያ ዶክተሩ ታዩ። ብልቃጡን አነቃነቁ፣ በመርፌ ቀዱ፣ የዳኛን ቆዳ በሁለት ጣት ይዘው ወጉት። ዳኛ ጮኸ። «ክትባቱ ይሄ ነው። ዶቃው ምልክት ብቻ ነው፤ ብቻውን ከምንም አያድንም» ሲሉ በግልጽ ይሰማል። ከዚያ በኋላ ነው ዶቃው የመጣው።

የእትዬ መስከረም እጅ ውሃው ሥር እንዳለ ቆመ።

«ይሄ የታለ?» አለች። «እኛ ያየነው ላይ ይሄ የታለ?»

«ቆርጠነው ነው።»

«ቆርጣችሁት?»

«ያምራል ብለን።»

እትዬ መስከረም አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻል ነበር። ቤቴልን አየቻት፤ ከዚያ ልጇን አየችው። «ኢየሱስ!» አለች በሹክሹክታ። ሩብ ሰዓቱ እስኪሞላ እንደዚያው አጠበችው፤ ከዚያ ነጠላዋንም ሳትፈልግ ልጇን ታቅፋ ወጣች። ጎሳዬ መንገዱ ላይ ባጃጅ አስቁሞ እየጠበቃቸው ነበር።

*

ሆስፒታል ግቢ ውስጥ አንድ የማንጎ ዛፍ አለ። ቤቴል እሱ ሥር ተቀምጣ የዮሲን ጩኸት ከውስጥ ሰማች። የመጀመሪያውን መርፌ ተወግቷል። ነርሷ ቶሎ መምጣታቸው እንደበጀ፣ የቀሩትን መርፌዎች በቀጠሮው ካልተወጋ ግን የዛሬው ብቻውን እንደማይበቃ ለእናቱ ደጋግማ ነግራታለች።

ዶክተር ወርቅነህ ከጎሳዬ ጓሮ ቀጥታ መጥተው አጠገቧ ቁጭ አሉ። ጎማ ሞቷል። ናሙናው ተመርምሮ ውጤቱ እስኪመጣ ቀናት ይፈጃል፤ እሳቸው ግን ያዩትን አይተዋል።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች ቤቴል።

«የአንቺ ብቻ አይደለም።» ዶክተሩ መነጽራቸውን አወለቁ። «እኔም አይቼዋለሁ። መርፌው የለበትም ብዬ ለራሴ ተናግሬ ነበር። ግን ቁጥሩ አማረኝ። ሪፖርት ላይ አስገብቼ ተጨበጨበልኝ።»

አቤኔዘር እያለከለከ ደረሰ። ሁሉንም በስልክ ነግራዋለች።

«አጥፊው» አላት። «ዝም ብለሽ ቪዲዮውን አጥፊው። እኛ መሆናችንን ማን ያስታውሳል? በሳምንቱ ሌላ ነገር ይመጣል።»

ቤቴል ቪዲዮውን ከፈተች። «አጥፋ» የሚለው ጋ አውራ ጣቷን ወሰደች። ቢጠፋ እንዴት ደስ ይል ነበር! ሰኞ ትምህርት ቤት ገብታ ማንም ሳያውቅ ክፍሏ ትቀመጣለች። ካልጠፋ ደግሞ ምን እንደሚመጣ ታውቃለች፤ ኮመንት ላይ ሰው ሲሰደብ እያየች ስቃ ታውቃለች። ፈራች። በጣም ፈራች።

ግን ሽንኩርት ተራ የተኛው ቡናማ ውሻ ትዝ አላት። የምታጠባዋም። ቪዲዮው ቢጠፋ የእነሱ አንገት ላይ ያለው አይጠፋም። ዮሲ በቃሉ የያዘው አይጠፋም። ስንት ዮሲ አለ? ይህን ስታስብ ድንጋጤው እንደገና መጣባት።

«ላይቭ ልገባ ነው» አለች።

«አብደሻል? ይበሉሻል እኮ!»

«ይብሉኝ። ስልኩን ያዝልኝ።»

አቤኔዘር ትንሽ አመነታ፤ ከዚያ ስልኩን ተቀብሎ ፊት ለፊቷ ቆመ። ሙዚቃ የለም። ቤቴል ፀጉሯንም አላስተካከለችም።

«ቤቴል ነኝ። የዶቃው ቪዲዮ የእኔ ነው። ቪዲዮው ስህተት አለበት። ውሻን የሚያድነው መርፌው ነው፤ እኔ መርፌውን ቆርጬ ነው ያሳየኋችሁ። ዶቃ ምንም አያደርግም። እባካችሁ ያልተከተበ ውሻ ላይ ያሰራችሁ ፍቱት። ቀይ ዶቃ ያሰረም ቢሆን የነከሰው ሰው ካለ ሆስፒታል ይሂድ። ዛሬ አንድ ልጅ እኔን አምኖ ተነክሷል።»

ሰው እየበዛ መጣ። ኮመንቱ መጉረፍ ጀመረ። «ሼም ነው!» «ለቪው ስትሉ ሰው ልትጨርሱ!» «ዶቃ መድኃኒት ነው ያለ ማነው 😂😂» አንዳንዱን አቤኔዘር ሊያነብላት አልፈለገም፤ እሷ ግን ስክሪኑን ማየት አላቆመችም። ዓይኗ እንባ ሞልቷል፤ ያም ሆኖ ታነባለች። ከስድቡ መሀል አንድ መልእክት አየችና ጎንበስ አለች።

«ከካኮ ነኝ፣ እናት ነኝ። ልጄን ቀይ ዶቃ ያሰረ ውሻ ባለፈው ሳምንት ነክሷታል። ቁስሉ ግን ድኗል። ችግር አለው?»

ቤቴል ወደ ዶክተር ወርቅነህ ዞረች። እሳቸውም አንብበውታል፤ ከተቀመጡበት ብድግ ብለዋል።

«ቁስሉ መዳኑ ምንም ማለት አይደለም» አሉ ቀስ ብለው። «በሽታው ከቁስሉ በኋላ ነው የሚመጣው። የምትድነው ምልክቱ ሳይታይ ከደረሰች ነው።»

ቤቴል ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገች። ሲሰድቧት የነበሩትን ሁሉ ረሳች። ስልኩን ከአቤኔዘር እጅ ተቀብላ ወደ ፊቷ አስጠጋችው።

«የካኮዋ እናት፣ ይሰሙኛል? ቁስሉ ድኗል ብለው አይቀመጡ። አሁኑኑ ልጅዎን ይዘው ይነሱ፤ ጂንካ ሆስፒታል ይምጡ። እኛ በሩ ላይ እንጠብቅዎታለን። ይህን ቪዲዮ አይጨርሱት። ይተዉት፤ ይነሱ።»

መልስ ጠበቀች። ላይኛው ጥግ ላይ ያለው የተመልካቾች ቁጥር ሽቅብ ይወጣል። ከዚያ ለአፍታ ቆመ፤ ከዚያም በአንድ ሰው ቀነሰ።

ቤቴል ያ ሰው የካኮዋ እናት እንድትሆን ጸለየች።